ከቁምሳጥኑ ጀርባ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲለው ዋለ። ዝም ብዬ ብቀመጥ እንደሚብስብኝ ስለማውቅ፣ ስንት ጊዜ ነገ ዛሬ ስለው የከረምኩትን የመኝታ ቤቱን የግድግዳ ወረቀት ላነሳ ቆርጬ ተነሳሁ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ጥጉን በጥፍሬ ይዤ ስስበው ላስቲክ የሚመስለው የላይኛው ሽፋን ተላጦ መጣ፤ ደስ አለኝ። ከሥሩ ያለው ስስ ወረቀት ግን ግድግዳው ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀረ። እሱ በጉልበት አይሆንም፤ ሙጫው ውኃ ይፈልጋል። ሶኬቶቹ አካባቢ ስለማረጥብ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። ከዛ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሬ በስፖንጅ አራስኩትና 15 ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ዋናው መጠበቁ ነው። ሲቸኩሉ መፋቂያው ግድግዳውን ይቦረቡረዋል፣ ሲታገሱት ግን ወረቀቱ ራሱ እየተጠቀለለ ይወርዳል።

ከሰዓት ቁምሳጥኑን ገፋሁት።

ከጀርባው ያለው ወረቀት እንደ አዲስ ነው። አበቦቹ አመድማ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ሰማያዊ ናቸው! ፀሐይ ያልነካው እዚያ ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። አንዱ ቁራጭ ተዘቅዝቆ ነው የተለጠፈው። ግንዶቹ ወደ ላይ፣ አበቦቹ ወደ ታች።

የለጠፈው አባዬ ነው። ታላቄ ባልዲውን ይዞለት፣ እኔ በር ላይ ቆሜ "አትግቢ" እየተባልኩ።

እማዬ በዚህ ቁምሳጥን ያልተነጫነጨችበት ቀን የለም። በሩን አያስከፍትም፣ ባዶ ግድግዳ ሞልቶ ለምን እዚህ? አባዬ "ተይው፣ እዚያው ይሁን" ይልና ነገሩ ያበቃል። ስንት ዓመት በጎን ገባን፣ በጎን ወጣን። የበሩ እጀታ የቁምሳጥኑን ጎን እየመታ ጎድጓዳ ሠርቶበታል፤ አውራ ጣቴን ሳስገባው ልክክ አለ።

ሙጫው ሳይደርቅ ቢያየው ነቅሎ ይገለብጠው ነበር። ያየው ከደረቀ በኋላ መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ ወረቀቱ አልቆበት ይሆናል። እኔ እሱን የማይሳሳት ሰው አድርጌ ነው ያደግኩት፤ እፈራውም ነበር። ለካ እሱም የሚደብቀው ነገር ነበረው። አንድ ቃል ቢነግራት እኮ እማዬ ትስቅ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ ትስቅ ነበር። እኔም ያኔ ባውቅ ምናልባት ያን ያህል አልፈራውም ነበር።

ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እሱ ካለፈ በኋላ ቁምሳጥኑን እንዳታነሳ የሚከለክላት ማንም አልነበረም። አንድ ቀን "እማዬ፣ እናንሳው በቃ" ስላት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "ተይው፣ እዚያው ይሁን" አለችኝ። በእሱ ቃል።

ታውቅ ነበር እንዴ?

አሁን መሽቷል። ሌላው ግድግዳ ሁሉ ባዶ ነው፣ የተዘቀዘቀው ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ቀዝቅዟል። ልደውልላት ስልኬን ሁለቴ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?