143 ባይት፦ በተመሰጠረ ሆም ፎልደር ውስጥ ስካላ ኮምፓይል ለምታደርጉ

መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ላፕቶፕ ኡቡንቱ 16.04 የተጫነበት ሲሆን፣ ሆም ፎልደሬ (የግል ፋይሎቼ የሚቀመጡበት) ፋይሎችንና ስሞቻቸውን በሚመሰጥረው የሊኑክስ ሥርዓት፣ በኢክሪፕትኤፍኤስ፣ የተመሰጠረ ነበር። ጃቫን፣ ኤስቢቲን (የስካላ ፕሮጀክት መገንቢያውን) እና ጊትን (የኮድ ለውጥ መከታተያውን) መጫን፣ ኮዱንም ከሰርቨር ማውረድ ያለ ምንም ችግር ተጠናቀቀ። ችግሩ የተነሣው በስካላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ መለወጥ፣ ስጀምር ነው፤ ስለ እሱ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ስለ ነበር እዚህ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ኮምፓይለሩ ከግማሽ በላይ ከሠራ በኋላ የፋይሉ ስም በጣም ረዝሟል ብሎ ቆመ። ያው ኮድ በመሞከሪያው ሰርቨርም ሆነ በባልደረባዬ ማሽን ላይ በሰላም ያልፋል። ከስሕተቱ ሥር፣ ይህ በአንዳንድ የተመሰጠሩ ወይም የቆዩ የፋይል ሥርዓቶች ላይ ሊያጋጥም እንደሚችል የሚገልጽ መስመር አለ። ሙሉውን መልእክት ለአይቲ ክፍሉ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ግን «ወንድሜ፣ ምስጠራው ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ፎልደሩን አሳጥረው፣ ዊንዶውስም ላይ እንደዚሁ ነው» የሚል ነበር።

ይህ ምክር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዊንዶውስ ላይ ለረጅም ዘመን ሰውን ያስቸገረው የ260 ፊደል ገደብ የሚቆጥረው ከድራይቩ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ያለውን ሙሉ አድራሻ ስለሆነ፣ እዚያ ፎልደር ማሳጠር በእርግጥ ይረዳል። ሊኑክስ ላይ ግን ሙሉ አድራሻው እስከ 4096 ባይት ይፈቀድለታል፤ እዚህ የተጣሰው የአንዱ ፋይል የራሱ ስም ገደብ ነው። ፕሮጀክቱን ሆም ፎልደሬ ውስጥ አንድ ፊደል ብቻ ስም ወዳለው ፎልደር አዛወርሁት፤ ስሕተቱ በዚያው ፋይል ላይ፣ በዚያው ቃል ተደገመ። ቀጥሎ የላይብረሪ ካሹን (ከኢንተርኔት ወርደው የተቀመጡትን የኮድ ጥቅሎች) በሙሉ እንዳጠፋ ታዘዝሁ። በቢሮአችን ኢንተርኔት ያን ሁሉ መልሶ ማውረድ ምን እንደሚጠይቅ አዲስ አበባ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሲያልቅም ምንም አልተለወጠም፤ የጠፋው ካሽ ከጉዳዩ ጋር ቀድሞውንም አይገናኝም ነበር።

መልሱ የተገኘው በአንድ ትእዛዝ ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ ገብቼ «ጌትኮንፍ ኔም_ማክስ» (getconf NAME_MAX .) ብዬ የፎልደሩን የፋይል ስም ገደብ ስጠይቅ 143 አለኝ፤ ከሆም ፎልደሩ ውጭ ስጠይቅ ደግሞ 255። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ኢክሪፕትኤፍኤስ የሚሠራው በሌላ የፋይል ሥርዓት፣ በእኔ ማሽን በሊኑክስ ላይ በተለመደው በኤክስት4፣ ላይ ተደርቦ ነው። ስሙን ከመሰጠረ በኋላ ሊጻፍ ወደሚችል ፊደል ይለውጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ሦስቱ ባይት አራት ይሆናል። ከፊቱም የተመሰጠረ ስም መሆኑን የሚያመለክት 24 ፊደል ያለው ቋሚ ምልክት ይቀጥልበታል። ይህ ሁሉ ከሌላ ተጨማሪ የምስጠራ መረጃ ጋር ተደምሮ ከኤክስት4 255 ባይት እንዳያልፍ፣ ለእኛ የሚተርፈን 143 ብቻ ነው።

ስካላ 2.11 ደግሞ ለእያንዳንዱ ስም የለሽ ፈንክሽን የራሱን ክላስ ፋይል (የኮምፓይሉን ውጤት የሚይዝ ፋይል) ያወጣል፤ የፋይሉንም ስም የሚሠራው ውጪኛውን ከውስጠኛው እየቀጠለ ነው። «ኦርደርሰርቪስ$$አኖንፈን$ቫሊዴት$1$$አኖንፈን$አፕላይ$2$$አኖንፈን$አፕላይ$3» የሚመስል ስም ሦስት ደረጃ ብቻ ገብቶ የተገኘ ነው። ደረጃው ሲጨምርና ስሞቹ ሲረዝሙ 143 ባይት በቀላሉ ይታለፋል። ስካላ 2.12 የጃቫ 8ን ላምዳ (ለስም የለሽ ፈንክሽን የተዘጋጀውን ዘዴ) ስለሚጠቀም የእነዚህ ፋይሎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ የእኛ ፕሮጀክት ግን ገና ወደዚያ አልተሻገረም ነበር።

ለአማርኛ ጸሐፊ የሚብስ ነገርም አለ። ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት በተለመደው ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 143 ባይት ማለት 47 ፊደል ነው። ለሙከራ ያዘጋጀናቸው በአማርኛ የተሰየሙ የደብዳቤ ፋይሎች ኤክስት4 ላይ እስከ 85 ፊደል ስለሚፈቀድላቸው ያለ ችግር ይቀመጡ ነበር፤ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ረጃጅሞቹ ከጊት ሲወርዱ እንኳ መፈጠር አልቻሉም።

በብዛት የሚሰጠው መፍትሔ ለኮምፓይለሩ የክላስ ፋይል ስም ጣሪያ ሰጥቶ፣ ለምሳሌ 128 ብሎ፣ ማሳጠር ነው። በግል ማሽናችሁ ላይ ለጊዜው ተጠቀሙበት፤ ሁሉም በሚጋራው የቢልድ ፋይል ውስጥ መጻፉን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኮምፓይለሩ የረዘመውን ስም መሐሉን ቆርጦ በኤምዲ5 ሐሽ (በስሌት በተገኘ፣ ለሰው በማይነበብ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት) ይተካዋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚወጣው የስሕተት ዝርዝር የትኛው ፈንክሽን እንደወደቀ አያስነብብም። በአንድ ላፕቶፕ ጉድለት ምክንያት የቡድኑ ሁሉ ኮድ መበላሸት የለበትም።

ሌላው የሚመከረው ውጤቱን ከሆም ፎልደር ውጭ ማስወጣት ነው። ይህ ይሠራል፤ ነገር ግን ኢክሪፕትኤፍኤስ የሚጠብቀው ሆም ፎልደሩን ብቻ ስለሆነ ኮምፓይል የተደረገው ኮድና የሙከራው ዳታ ሳይመሰጠር ዲስክ ላይ ይቀመጣል። የደንበኛ መረጃ የያዘ ሥራ ከሆነ አታድርጉት። ይልቅ የውጤቱን ፎልደር ፋይሎችን ዲስክ ላይ ሳይሆን ሚሞሪ ላይ በሚይዘው በቴምፕኤፍኤስ ላይ አድርጉት፤ ስዋፑም (ሚሞሪ ሲጠብብ ይዘቱ የሚጻፍበት የዲስክ ክፍል) የተመሰጠረ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ የሠራሁት በዚህ ነው፣ አሁንም ብሆን ይህንኑ እመርጣለሁ።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ዲስኩን በሙሉ በለክስ (LUKS)፣ በሊኑክሱ የዲስክ ምስጠራ፣ መመስጠር ነው። ለክስ የሚሠራው ከፋይል ሥርዓቱ በታች ስለሆነ የፋይል ስም አይነካም፤ 255ቱም ባይት ይመለስላችኋል። ኡቡንቱ ራሱ ከ18.04 ጀምሮ ሆም ፎልደርን ብቻ የመመስጠሩን ምርጫ ከመጫኛው አውጥቶታል፤ ከቀድሞው ቅጂ እየተሻሻሉ የመጡ ማሽኖች ግን አሁንም ይዘውት ሊገኙ ይችላሉ። ስትሸጋገሩ ፋይሎቻችሁን የምትገለብጡት በራሳችሁ ስም ገብታችሁ፣ ፎልደሩ ተከፍቶ ሳለ፣ ራሱም ወደ ተመሰጠረ ውጫዊ ዲስክ ይሁን። «ኢክሪፕትኤፍኤስ አንራፕ ፓስፍሬዝ» (ecryptfs-unwrap-passphrase) በሚለው ትእዛዝ የሚወጣውን ቁልፍም በወረቀት ጻፉት። የአይቲ ሠራተኛ የይለፍ ቃላችሁን እንደ አስተዳዳሪ ሆኖ ከቀየረው ቁልፉ በአሮጌው ቃል እንደተቆለፈ ስለሚቀር ሆም ፎልደራችሁ አይከፈትም። የተገለበጡትን ፋይሎች በሌላ ማሽን ላይ ከፍታችሁ ሳታዩም ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ አትፍቀዱ።