አርጅቷል የተባለው ቤልጅግ

መንዝ ውስጥ አንድ የቆየ ጠመንጃ መሳት ሲጀምር ፍርዱ ወዲያው ነው። «አርጅቷል፣ በርሜሉ አልቋል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ቢወርድም ለሠርግና ለተዝካር ተኩስ ነው። የአጎቴ ቤልጅግም ዕጣው ይኸው ሊሆን ነበር። እኔ ግን አላመንኩም። ብረት ዝም ብሎ አያረጅም። አንድ ቦታ ላልቷል፣ ወይ ዝጓል፣ ወይ ተበልቷል። የትኛው እንደሆነ ሳይታይ መፍረድ ደግሞ ያናድደኛል።

ጠመንጃው የአያቴ ነበር። ቤልጅግ የምንለው ቤልጅየም ውስጥ ኤፍ ኤን የሚባለው ፋብሪካ የሠራው ማውዘር ነው። ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት ገዝታዋለች። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ ሆዱ አምስት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ ማቀባበል ያስፈልጋል። ከ1928 እስከ 1933 በነበሩት ዓመታት፣ ራስ አበበ አረጋይ የሸዋን አርበኛ በሚመሩበት ጊዜ፣ አያቴ ይህንኑ ይዘው በረሃ እንደነበሩ ቤታችን ሁሌም ይነገራል። ስለዚህ ለእኔ ይህ ዕቃ ብቻ አይደለም። «አልቋል» ሲሉኝ ሆዴ የተላወሰው ለዚህ ነው።

አጎቴ ቅሬታቸውን የነገሩኝ ቡና እየተፈላ ነው።

«ዱሮ አንድ ጥይት መሬት አይጥልም ነበር። አሁን ወዴት እንደሚሄድ እሱ ፈጣሪ ይወቅ።»

«ጋሼ፣ ፈትቼ ልየው?»

«እየው። ብቻ ብሎኑን እንዳትበላብኝ።»

ብሎኑን እንዳትበላ ማለታቸው ትክክል ነው። የእነዚህ ጠመንጃዎች ብሎን ራስ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ልኩ ባልሆነ ካቻቪቴ ከተነካ ይላጣል። ደብረ ብርሃን ወርጄ ልክክ የሚል ካቻቪቴ ገዛሁ።

ከመፍታታችን በፊት ግን መተኮስ ነበረብን። የጠመንጃው ፈቃድ በአጎቴ ስም ነው። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ መኖሩን አየን። ለቀበሌው ነግረን፣ ከጀርባው ገደል የሆነ፣ ሰውም ከብትም የማያልፍበት ቦታ መረጥን። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ላይ አስደግፈን 100 ሜትር ላይ ካርቶን አቆምን። እጅ ላይ ይዞ ተኩሶ ስለ ጠመንጃ ማውራት አይቻልም፤ የሰውየው መንቀጥቀጥና የጠመንጃው ጥፋት ይቀላቀላሉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ጥይት መሳቱ ብቻውን ምንም አይናገርም። እንዴት እንደሳተ ነው የሚናገረው። ቀዳዳዎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ከመሀሉ ከራቁ፣ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ ማነጣጠሪያው ብቻ ነው የተዛባው። ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ የላላ ብሎን፣ የቆሸሸ ወይም የተበላ በርሜል፣ ወይም የተቀላቀለ ጥይት አለ። በርሜሉ እየሞቀ ሲሄድ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሸሹ ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ብረቱን እየገፋው ነው። የእኛው ሁለቱን የመጨረሻዎቹን አንድ ላይ አሳየን። የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ተራርቀው ወደቁ። ብረቱ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ቀኝ መሸሽ ጀመሩ። አጎቴ ካርቶኑን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ይሄ ስካር ነው» አሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የሚሸሽበት አቅጣጫ ካለው ምክንያት አለው ማለት ነው።

ቤት ተመልሰን፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጠን፣ አንድ ቀጭን ወረቀት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል አሾለክን። በቀኝ በኩል እንደልቡ ሄደ። በግራ በኩል ግን መሀል ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። እንጨቱ ከግራ ወደ ቀኝ እየገፋ ነበር።

ከዚያ ብሎኖቹ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከቃታው መከለያ ፊት፣ አንዱ ከኋላ። ብረቱንና እንጨቱን የሚያስተሳስሩት እነሱ ናቸው። የኋላው በጣቴ ዞረ! ካቻቪቴ እንኳን አልፈለገም። አጎቴ ይህን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «እርፉ የላላ ማረሻ ቀጥ ያለ ትልም አያወጣም» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ብረቱን ከእንጨቱ ስናነሳው ያገኘነውን አልረሳውም። ጥይት ከሚጎርሰው ብረት ሥር፣ ፊት ለፊት፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ቁርበት ተቀምጦ ነበር። ጥቁር ሆኗል፤ ዘይት ጠጥቶ ደርቋል፤ በአንድ ጎኑ ከወረቀት ቀጥኗል፤ በሌላው ጎኑ ግን እንደነበረ ነው። ጠርዙ በቢላ በጥንቃቄ የተስተካከለ ነው። ማን እንዳስቀመጠው አናውቅም። አያቴ ይሁኑ፣ ሌላ ሰው። ያስቀመጠው ሰው ግን የሚሠራውን ያውቅ ነበር፤ እንጨቱ ሲሟሽሽ ብረቱን ከፍ ለማድረግ ነው። ቁርበቱ ግን ዘላለም አይኖርም። ባንድ ጎን ሲያልቅ ብረቱ ዘመመ፤ በርሜሉም የግራውን እንጨት ተደገፈ። ቁራጩን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ መጣል አልቻልኩም።

ሌላው ጥፋት ከዚያው አጠገብ ነበር። ከብረቱ ሥር የወጣች ጉጥ አለች። ጠመንጃው ሲራገጥ ኃይሉን ለእንጨቱ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ከኋላዋ ያለው እንጨት ዘይት ጠጥቶ ለስልሶ፣ ተደብድቦ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ትንሽ ይንሸራተታል፤ ሲመለስም የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። መበተኑ ከዚህ ነው።

ነገሩን ያባሰው የአገራችን አየር ይመስለኛል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የመንዝ ክረምት ጉምና ዝናብ ነው፤ በጋው ደግሞ ውርጭና ደረቅ ፀሐይ። በዚያ ላይ ጠመንጃው የሚሰቀለው ከምድጃው በላይ ነው። አጎቴ አልፎ አልፎ ይዘውት ጣርማበርን አቋርጠው ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳሉ። ያ እንጨት በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳበጠና እንደተኮማተረ አስቡት። ብሎኑ ቢላላ ምን ይገርማል?

ጥገናውን ደብረ ብርሃን ያለ አናጢ ሠራው። ብረቱ ቤት ቀረ፤ የወሰድንለት እንጨቱን ብቻ ነው። የለሰለሰውን ጠርቦ አወጣና ከደረቅ ወይራ ቁራጭ ገጥሞ ለጠፈበት። በቁርበቱ ቦታም ስስ የወይራ ንጣፍ አደረገ። በርሜሉን የሚነካውን ግራውን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያለ አሸው፤ እኔ ደግሞ እየተመላለስኩ በወረቀት ለካሁ። ስንገጥመው የፊቱን ብሎን መጀመሪያ፣ ከዚያ የኋላውን አጠበቅን።

በርሜሉንም አየነው። ማቀባበያውን አውጥተን ወደ ሰማይ ስናየው አራቱ ጥምዝ መስመሮች አሉ፤ ግን ጥቀርሻ ለብሰዋል። የድሮ ጥይት ቀስቃሽ ኬሚካል ጨው ይተዋል። ያ ጨው እርጥበት ስቦ ብረቱን ይበላል፤ ዘይት ብቻ ደግሞ አያጥበውም። ሙቅ ውሃ ነው የሚያጥበው። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። በላምባ የራሰው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ በመጨረሻ ነጭ ሆነ። አፈሙዙ ላይ የከንፈሩ አንድ ጎን ተበልቷል። ከፊት በብረት ዘንግ ሲወለወል የኖረ ጠመንጃ እንዲህ ይሆናል። ማቀባበያው ስለሚወጣ አሁን ከኋላ ነው የምንወለውለው። ከንፈሩን ማስተካከል ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ አልነካነውም።

ጥይቱንም ለየነው። ዝናሩ ላይ ከየፋብሪካውና ከየዓመቱ የመጣ ተቀላቅሎ ነበር። የቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸውን ምልክት እያየን አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር አደረግን። የባሩዱ ኃይል ከተለያየ ጥይቶቹ አንድ ቦታ አይወድቁም። ከሸፈ ብለው ቶሎ አቀባብለው ለማውጣት የሚሮጡም አሉ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ያረጀ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ወደ ገደሉ እንዳደረጋችሁ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ።

ዳግመኛ ስንተኩስ ቀዳዳዎቹ መዳፍ በምታህል ቦታ ተሰበሰቡ። በርሜሉ ሲሞቅም አልሸሹም። ለወታደር ጠመንጃ፣ ለዚያውም በዚህ ዕድሜው፣ ይህ መልካም ነው። አጎቴ ካርቶኑን ነቅለው ይዘውት ገቡ፤ ለጎረቤት ሁሉ አሳዩት።

ቀዳዳዎቹ ግን ትንሽ ከፍ ብለው ወደ ግራ ናቸው። ከፍታው ጥፋት አይደለም፤ የማነጣጠሪያው ትንሹ ቁጥር 2 ነው፣ ማለትም 200 ሜትር፣ እኛ ደግሞ የተኮስነው 100 ላይ ነው። ግራው ነው የሚስተካከለው። ጥይቱ ወደ ግራ ከሄደ የፊተኛውን ማነጣጠሪያም ወደ ግራ ነው የሚገፉት። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ግማሽ ሜትር ገደማ ስላለ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር መግፋት 100 ሜትር ላይ ጥይቱን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። የናስ ዘንግ አግኝተን፣ አሮጌውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገን፣ በቀላሉ መታ መታ እናደርገዋለን። ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሲያብጥ ወረቀቷን እንደገና አሾልካለሁ፤ ብሎኖቹንም አያለሁ። ከምድጃው በላይ ያለው መስቀያም ይነሳል፤ አጎቴ እሺ ብለዋል።