አዋሽ ያደሩ ሰዎች

ከድሬዳዋ ስንመለስ ሾፌሩ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለምሳ አቆመ። ሌሎቹ ጥብሳቸው እስኪመጣ እኔ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ወረድኩ። ሐዲዱ መሃል ሣር በቅሏል፤ ፍየሎች ይግጡታል።

ይህችን ከተማ ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ነው። ድሮ ባቡር በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ማደር ግድ ነው። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ደ አዋሽ ሆቴል የኖረውም በእነዚህ አዳሪዎች ነው።

ስለ ሆቴሉ ሲወራ የሚነሱት መኳንንትና ፈረንጆች ናቸው። እኔ ግን ሦስተኛ ማዕረግ የሚሳፈረውን ሰው አስባለሁ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በልጅነቷ እዚህ አድራለች። ጓዛቸውን ተንተርሰው መሬት ላይ ተኙ። ጅብ ሲጮህ እናቷ በጋቢዋ ጥቅልል አድርጋ አቀፈቻት። ይህን ስትነግረን ድምፅዋ ይቀየር ነበር።

አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ!

ጥር 6 ቀን 1977 ደግሞ አለ። ከድሬዳዋ የተነሳ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ቀረ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኛው እንደ አያቴ ያለ ተራ መንገደኛ ነው። የዚህ ጣቢያ ታሪክ ሲነገር እነሱን ዘሎ ስለ ሆቴሉ አበባ ብቻ ማውራት ያመኛል።

በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ አዲስ ሐዲድ አለው። ፈጣን ነው፤ ደስ ይለኛል። አሮጌው ጣቢያ ግን ፈርሶ እንዲያልቅ አልፈልግም። ቢጠገን፣ አንዱ ክፍል የሠራተኞቹና የመንገደኞቹ ታሪክ የሚሰማበት ቢሆን እላለሁ። በዚያ መስመር የሠሩ ጡረተኞች ድሬዳዋም አዲስ አበባም አሉ። አንዱ የሠፈራችን ጋሼ ናቸው። እሑድ ሄጄ ድምፃቸውን እቀዳለሁ፤ ከአዋሽ እንዲጀምሩልኝ እለምናቸዋለሁ።