አንድሮይድና ማክ፦ ፋይል ለማሻገር ዳታ አታቃጥሉ

ስልኩ ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ፣ ኮምፒውተሩ ማክቡክ የሆነ ሰው ፎቶ ወደ ኮምፒውተሩ ለማስገባት ብዙውን ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል፦ ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ይልከዋል፣ ከዚያ ማኩ ላይ ያወርደዋል። ይሠራል። ነገር ግን 500 ሜጋባይት ቪዲዮ አንዴ ሲላክ፣ አንዴ ሲወርድ ከፓኬጃችሁ ላይ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይሄዳል። ሁለቱ ዕቃዎች ግን የተቀመጡት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፎቶ ሲሆን ደግሞ እንደ «ፋይል» ካላካችሁት በቀር ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ፎቶው ውስጥ የተመዘገበውን የተነሳበትን ቀንና ቦታም ያጠፋዋል። የአምናው የጥምቀት ፎቶ ማኩ ላይ ዛሬ የተነሳ መስሎ የሚደረደረው ለዚህ ነው።

ከስልክ ወደ ማክ ፋይል ለማሻገር ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኬብል፣ የቤት ዋይፋይ ወይም የስልኩ የራሱ ሆትስፖት ይበቃል።

በኬብል

ስልኩን ስትሰኩት ማኩ ምንም ምላሽ የማይሰጥበት ምክንያት አለ። አንድሮይድ ፋይሎቹን ለኮምፒውተር የሚያሳየው ኤምቲፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው። ዊንዶውስ ይህን ያውቀዋል፤ ማክ ግን አብሮት የተሠራ የኤምቲፒ ድጋፍ የለውም። ስለዚህ ስልኩ እንደ ፍላሽ ፋይንደር (ማኩ ፋይሎችን የሚያሳይበት መስኮት) ውስጥ ብቅ አይልም። ስልኩም ማኩም አልተበላሹም። ማክ በደንብ የሚያውቀው የካሜራዎችን ፕሮቶኮል፣ ፒቲፒን ነው፤ የምትፈልጉት ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ይህ በቂ ስለሆነ ምንም አፕ መጫን የለባችሁም።

ስልኩን ሰክታችሁ ሎኩን ክፈቱት። ከላይ ወደ ታች ጎትታችሁ ስለ ዩኤስቢ የሚናገረውን ኖቲፊኬሽን ንኩና «ፒቲፒ» ወይም «ትራንስፈሪንግ ኢሜጅስ» የሚለውን ምረጡ። ማኩ ላይ ደግሞ «ኢሜጅ ካፕቸር» የሚባለውን አፕ ክፈቱ፤ ከማኩ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ስልኩ በግራ በኩል ይወጣል። ከታች ፎቶዎቹ የሚገቡበትን ፎልደር መርጣችሁ «ዳውንሎድ» በሉ። እዚያው «ከገባ በኋላ ከስልኩ ይጥፋ» የሚል ምርጫ አለ፤ ፎቶዎቹ ማኩ ላይ በትክክል መከፈታቸውን ሳታዩ እሱን ምልክት እንዳታደርጉ። በዚህ መንገድ በካሜራ የተነሱት ይመጣሉ እንጂ በዋትሳፕ የተላኩላችሁ አይታዩም። የዋትሳፕ ፎቶዎች ያሉት «አንድሮይድ» በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ «ሚዲያ» በሚለው ሥር ነው፤ እነሱን ለማግኘት ኤምቲፒ ያስፈልጋል።

ለኤምቲፒ ዛሬ የምመክረው ኦፕን ኤምቲፒን ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። በግራ የማኩን ፎልደሮች፣ በቀኝ የስልኩን ያሳያል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ትጎትታላችሁ። ብዙ የቆዩ ጽሑፎች የሚጠቁሙት የጉግልን «አንድሮይድ ፋይል ትራንስፈር» ነበር፤ ጉግል ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ አንስቶታል። ከሌላ ቦታ እየፈለጋችሁ አታውርዱት። ቀድሞ ማካችሁ ላይ ካለም አጥፉት፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው እናየዋለን።

ኦፕን ኤምቲፒ «ስልኩ አልተገኘም» ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

መጀመሪያ ኬብሉን። ከመንገድ ዳር የተገዙ ብዙ ኬብሎች ኃይል ብቻ እንጂ ዳታ የሚያስተላልፉ ሽቦዎች የሏቸውም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ የዩኤስቢው ምርጫ ግን ጨርሶ ካልመጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኬብሉ ነው። ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ሞክሩ። ማካችሁ ታይፕ ሲ ብቻ ካለው በመሃል ያለውን ሀብ አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩት።

ቀጥሎ የማኩን ፈቃድ። አፕል ሲሊከን (የአፕል የራሱ ቺፕ) ያላቸው ማክቡኮች ከቬንቹራ (ማክ ኦኤስ 13) ጀምሮ አዲስ ዕቃ ሲሰካ «ይህ ዕቃ ይገናኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ሳትሰጡ ካለፋችሁት ስልኩ ቻርጅ ከማድረግ ያለፈ ነገር አይሠራም። ነቅላችሁ እንደገና ስትሰኩት «አላው» በሉ። ጥያቄው ካልመጣ «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብታችሁ ከዕቃዎች ፈቃድ ጋር የተያያዘውን መስመር ተመልከቱ።

ከዚያ የስልኩን ምርጫ። አንድሮይድ ሲሰካ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በ«ቻርጅ ብቻ» ነው፤ ኖቲፊኬሽኑን ነክታችሁ «ፋይል ትራንስፈር» ማለት አለባችሁ። ሎክ ከሆነ ስልኩ ቢገኝም ፎልደሩ ባዶ ይመስላል። በተሰካ ቁጥር ይህን መምረጥ ካሰለቻችሁ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ (ሳምሰንግ ላይ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ነው)። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል፤ እዚያ «ዲፎልት ዩኤስቢ ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ወደ ፋይል ትራንስፈር ቀይሩት። በዚያው ገጽ ያሉትን ሌሎች ነገሮች አትነካኩ።

በመጨረሻ ሽሚያውን። ኤምቲፒ ስልኩን በአንድ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚሰጠው። «ፎቶስ»፣ «ኢሜጅ ካፕቸር»፣ የሳምሰንግ «ስማርት ስዊች» ወይም የድሮው አንድሮይድ ፋይል ትራንስፈር ቀድሞ ከያዘው ኦፕን ኤምቲፒ ምንም አያገኝም። የድሮው በተለይ ከጀርባ የሚቀመጥ ረዳት አለው፤ ስልክ በተሰካ ቁጥር ራሱ ይነሳና ይይዘዋል። አጥፉት ያልኩት ለዚህ ነው። ሁሉንም ዝጉ፣ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሱ፣ ኦፕን ኤምቲፒን «ሪፍሬሽ» አድርጉ።

ሲሠራም ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ የስልኩን ዲስክ በቀጥታ አያነብም፤ ስልኩን አንድ በአንድ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ብዙ ሺህ ፎቶ ያለበት የካሜራ ፎልደር ሲከፈት ለደቂቃ ያህል የደረቀ ይመስላል፤ አትንቀሉት። ታይፕ ሲ ያላቸው ብዙ መካከለኛ ዋጋ ስልኮች ውስጣቸው ዩኤስቢ 2.0 ነው፤ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ካገኛችሁ ደህና ነው፣ 10 ጊጋባይት ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ደግሞም ስልኩ ላይ ያለ ዶክመንት በኬብሉ በኩል ከፍታችሁ አታርሙ። ወደ ማኩ ገልብጡት፣ አርሙት፣ ከዚያ መልሱት።

በዋይፋይ

ለየዕለቱ ሥራ፣ ማለትም ለሁለት ፎቶ፣ ለአንድ ፒዲኤፍ ወይም ለአጭር ቪዲዮ፣ ኬብል መፈለግ አያስፈልግም። ሎካል ሴንድ የሚባለውን ነፃ አፕ ስልኩም ማኩም ላይ ጫኑት። አካውንት አይጠይቅም። ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ ስልኩ ላይ «ሴንድ» ብላችሁ ፋይሉን ትመርጣላችሁ፤ የማኩ ስም ይወጣል፣ ትነኩታላችሁ፣ ማኩ ላይ ትቀበላላችሁ። ፋይሉ በራውተሩ በኩል ብቻ ስለሚያልፍ ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ግድ የለም። ፎቶው ሳይነካ፣ ከነቀኑ ይደርሳል።

አንዱ ሌላውን ካላየው ከሁሉ በፊት ቪፒኤን ዝጉ። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ቪፒኤን ይጠቀማል፤ ቪፒኤን ሲበራ ደግሞ ስልኩ አጠገቡ ያለውን ኮምፒውተር ማየት ሊያቆም ይችላል። ቀጥሎ ማኩን እዩ፦ ከሴኮያ (ማክ ኦኤስ 15) ጀምሮ እያንዳንዱ አፕ በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ሌላ ዕቃ ለመፈለግ ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ሎካል ኔትወርክ» የሚል አለ፤ ሎካል ሴንድ እዚያ መብራቱን አረጋግጡ። የማኩ ፋየርዎል «ሁሉንም ገቢ ግንኙነት አግድ» ላይ ከሆነ ስልኩ የሚልከው ነገር አይገባም። ትልቅ ቪዲዮ ሲላክ መሃል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ አፑን እየገደለው ነው፤ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ያዙት፣ ወይም አፑን ከባትሪ ቁጥጥሩ ነፃ አውጡት። ሻዎሚ፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ በዚህ ጥብቅ ናቸው።

የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ የተለየ ነው። እዚያ ብዙውን ጊዜ ራውተሩ ደንበኞች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆኖ ስለሚስተካከል የፈለጋችሁትን ብትቀይሩ አይሠራም። መፍትሔው የስልኩን ሆትስፖት ማብራትና ማኩን ከእሱ ጋር ማገናኘት ነው።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ፓኬጁን የሚጨርሰው እዚህ ነው። ማክ ሆትስፖት ሲያገኝ ተራ ዋይፋይ መስሎት የአይክላውድ ፎቶዎችን መጫን፣ የሲስተም አፕዴት ማውረድ ሊጀምር ይችላል፤ አንዱ አፕዴት ብቻ ብዙ ጊጋባይት ነው። ዓላማችሁ ፋይል ማሻገር ብቻ ከሆነ ሆትስፖቱን ካበራችሁ በኋላ የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉት። በብዙ ስልኮች ሆትስፖቱ ያለ ዳታም ይቆያል፤ ሁለቱ ይተያያሉ፣ ፋይሉ ያልፋል፣ ከፓኬጁ ምንም አይነካም። በሆትስፖቱ ኢንተርኔትም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ማኩ ላይ «ዋይፋይ» ገብታችሁ ከሆትስፖቱ ስም አጠገብ «ዲቴይልስ» በሉ፤ «ሎው ዳታ ሞድ» የሚለውን አብሩት። ማኩ ይህን ለዚያ ኔትወርክ ያስታውሰዋል። «ጄኔራል»፣ «ሶፍትዌር አፕዴት» ውስጥም አዲስ አፕዴት በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ፍጥነት ከፈለጋችሁ የሆትስፖቱን ባንድ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ።

ኤርድሮፕን (የአፕል ዕቃዎች እርስ በርስ ፋይል የሚላላኩበትን) ለሚጠይቁ፦ ጉግል በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. የአንድሮይዱ ፋይል መላኪያ ኩዊክ ሼር ከኤርድሮፕ ጋር እንዲነጋገር አድርጓል፤ የጀመረው በፒክስል 10 ነው። ማኩ ላይ ኤርድሮፕ «ኤቭሪዋን» ላይ መሆን አለበት። ይህ የሌለው አንድሮይድ ላላችሁ ኒር ድሮፕ የሚባል ትንሽ ነፃ አፕ አለ፤ ማኩ ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ተቀምጦ ከስልኩ ኩዊክ ሼር የሚመጣውን ይቀበላል። የሁለቱንም ጎን መላክና መቀበል የሚፈልግ ግን ከሎካል ሴንድ ጋር ቢቆይ ይሻለዋል።

በፍላሽ

ሁለት ጫፍ ያለው ፍላሽ፣ ማለትም በአንድ በኩል ታይፕ ሲ፣ በሌላው ተራ ዩኤስቢ ያለው፣ አሁንም ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ፎርማቱ ነው። በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ ፎርማት) የተዘጋጀ ፍላሽ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። በራሱ በአፕል ፎርማት ካዘጋጃችሁት ደግሞ ስልኩ አያየውም። በ«ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» ብላችሁ የላይኛውን ስም ምረጡ፣ «ኢሬዝ» በሉ፣ ፎርማቱን «ኤክስ ፋት»፣ ስኪሙን «ማስተር ቡት ሪከርድ» አድርጉ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ኤክስ ፋት አያነቡም፤ ለእነሱ «ኤምኤስ ዶስ ፋት» ይሁን፤ ታዲያ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኦፖ ስልክ ያላችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ኦቲጂ» የሚለውን ካላበራችሁ ስልኩ ፍላሹን አያየውም፤ ለጥቂት ደቂቃ ካልተጠቀማችሁበትም ራሱ ይዘጋል።

ከማክ መዝሙር ወይም ዘፈን ገልብጣችሁ ስልኩ ላይ ስትከፍቱት እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ከሁለቱ አንዱ አልጫወት የሚላችሁ ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም። ማክ በእንዲህ ዓይነት ፍላሽ ላይ ለብዙ ፋይሎች የራሱን መረጃ የሚይዝ ትንሽ ጓደኛ ይጽፋል፤ ስሙ በነጥብና በታችኛው ሰረዝ ይጀምራል፣ መጠኑ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ማክ ይደብቀዋል፤ የስልኩ ማጫወቻ ግን እንደ ሙዚቃ ይቆጥረዋል። እነዚያን ትንንሾቹን ስልኩ ላይ ብታጠፏቸው ምንም አይጎድልባችሁም።

ስልክ ቁጥርና ቀን መቁጠሪያ

ይህ ክፍል ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የሚወስደው ዳታ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብዙ ሰው ቁጥሮቹ ሲም ላይ ወይም ስልኩ ላይ ብቻ ስለተቀመጡ የጉግል አካውንቱን ማክ ላይ አስገብቶ ባዶ ዝርዝር ያያል። በጉግል «ኮንታክትስ» አፕ ከሲም ማስገቢያውን ተጠቅማችሁ ቁጥሮቹን ወደ ጂሜይል አካውንታችሁ አስገቡ። ከዚያ ማኩ ላይ «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ «ኢንተርኔት አካውንትስ» ገብታችሁ ጉግልን ጨምሩ፤ «ኮንታክትስ» እና «ካሌንደርስ» አብሩ።

አልጨረሳችሁም። ማኩ ላይ አይክላውድም ካለ አዲስ ቁጥር ስትመዘግቡ ወደ አይክላውድ ሊሄድና ስልካችሁ ላይ ፈጽሞ ላይደርስ ይችላል። የ«ኮንታክትስ» አፕን ሴቲንግ ከፍታችሁ «ዲፎልት አካውንት» የሚለውን ጉግል አድርጉት። በ«ካሌንደር»ም «ዲፎልት ካሌንደር» እንዲሁ። «ኖትስ»ን ግን አብራችሁ አትድከሙ፤ በጉግል አካውንት የሚጻፈው ኖት የሚሄደው ወደ ጂሜይል ነው እንጂ ስልኩ ላይ ወዳለው ጉግል ኪፕ አይደለም። ኪፕን በማኩ ብራውዘር ክፈቱት።

ኤስኤምኤስን ማኩ ላይ ለማየት ስልኩ «ጉግል ሜሴጅስ»ን ዋና የመልእክት አፕ ማድረግ አለበት። በማኩ ብራውዘር የጉግል ሜሴጅስን ገጽ ትከፍታላችሁ፤ ስልኩ ላይ «ዲቫይስ ፔሪንግ» ብላችሁ ኪውአር ኮዱን ታነሳላችሁ። ሱቅ ላላቸው በጣም ይጠቅማል፤ ከ127 የሚመጣውን የቴሌብር መልእክት ከፍታችሁ የግብይት ቁጥሩን በቀጥታ ሂሳብ መዝገባችሁ ላይ ትገለብጣላችሁ። ነገር ግን የባንክ ማረጋገጫ ኮድም እዚያው ይታያል። ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ «ይህን ኮምፒውተር አስታውስ» የሚለውን አታብሩ፤ ሥራ ስትጨርሱም ከስልኩ ላይ «ዲቫይስ ፔሪንግ» ገብታችሁ ግንኙነቱን ቁረጡት። ብራውዘሩን መዝጋት ብቻውን አያቋርጠውም።