ከ16ኛው ዙር በኋላ፦ ድሬዳዋ ላይ ለ10,000 ሜትር የተዘጋጀሁበት መንገድ

10,000 ሜትር በመም (በስታዲየም መሮጫ) ላይ 25 ዙር ነው። ለእኔ ከባዱ ከ16ኛው እስከ 20ኛው ያለው ነው። እዚያ ላይ ጭንቅላት መደራደር ይጀምራል፤ “ትንሽ ቀነስ አድርግ፣ ሁለት ዙር አርፈህ ትደርስባቸዋለህ” ይላል። በዚያ ሰዓት “እችላለሁ” የሚል ባዶ ቃል አይዝም። የያዘልኝ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው።

በየቀኑ አራት ነገር እጽፋለሁ፦ የሮጥኩትን ርቀትና ሰዓት፣ ለስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የቆጠርኩትን የልብ ምት፣ ልምምዱ ሲያልቅ ስንት ድግግሞሽ መጨመር እችል እንደነበር። ዋናው የመጨረሻው ነው። መልሱ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ልምምዱ ልክ ነበር። ዜሮ ከሆነ በልምምድ ላይ ውድድር ሮጫለሁ ማለት ነው፤ ይህ ሲደጋገም እግርም እምነትም ይደክማል። የልብ ምቱ ከወትሮው በሰባት ስምንት ከጨመረ የዚያን ቀን ቀላል ሩጫ ብቻ ነው።

ግቤ 35 ደቂቃ ነው፤ በኪሎ ሜትር 3:30፣ በዙር 84 ሰከንድ። ማክሰኞ 6 ጊዜ 1,000 ሜትር በ3:30 እሮጣለሁ። በመካከሉ መጀመሪያ 90 ሰከንድ ሶምሶማ ነበር፤ በስምንት ሳምንት ወደ 60 አወረድኩት። ፍጥነቱን አልነካሁም። ብዙ ልጆች ዕረፍቱን ትተው ፍጥነቱን ይጨምራሉ፤ 3:15 ሮጠው ይደሰታሉ፣ ውድድር ላይ ግን ማንም 90 ሰከንድ አይሰጣቸውም።

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፈተናዋ ሙቀቱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልወጡ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በሙቀት የተሮጠን ሰዓት ከቀዝቃዛ ጠዋት ሰዓት ጋር ማወዳደር በራስ መተማመንን በከንቱ ይገድላል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ከሮጥኩ ፍጥነቱን ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደሮጥኩ ብቻ እጽፋለሁ። ከሩጫ በፊትና በኋላ፣ ላብን ጠርጎ፣ መመዘን ጥሩ ነው፤ የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ነው።

ዳገት የምሠራው ከድሬ ወደ ሐረር በሚወጣው በደንገጎ መንገድ ነው፤ 8 ጊዜ 90 ሰከንድ፣ ቁልቁለቱን በእርምጃ። ጫት የጫነ አይሱዙ በዚያ ጠመዝማዛ እንዴት እንደሚበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠርዝ ይዞ ከፊት የሚመጣውን እያዩ መሮጥ ግድ ነው። ከተማውን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በሳምንት 20 ደቂቃ ይበቃል። ተረከዝ ስለሚሰምጥ ባትና የተረከዝ ጅማት ይለጠጣሉ፤ በማግስቱ ኢንተርቫል (በአጭር ዕረፍት የተከፋፈለ ፈጣን ሩጫ) የሚሠራ ሰው ጉዳት እየጠራ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይገባበትም። ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል፤ የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ያጠፋውን ሕይወት ድሬ አልረሳችውም።

ስለ ጫትም በግልጽ ልናገር። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሳል፤ በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ደግሞ በውድድር ጊዜ ከተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ለሯጭ “ትንሽ ብቻ” የሚባል ነገር የለም።

ውድድሩን በአምስት አምስት ዙር እከፍለዋለሁ። የመጀመሪያውን ዙር በ84 ፈንታ በ78 መሮጥ እንደ ቀልድ ይቀላል፤ ዋጋው የሚከፈለው በአራተኛው ክፍል ነው። ከፊት ያለው ሰው 10 ሜትር ከከፈተብኝ በአንድ ሙሉ ዙር ነው የምደርስበት፤ ከዙሩ ሰዓት ሁለት ሰከንድ ብቻ መቀነስ ይበቃል። ያንኑ በ100 ሜትር ውስጥ ልሙላ ማለት ፍጥነትን በአንድ አሥረኛ ማሳደግ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ጉልበት የለም። ስደክም ለራሴ የምለው ሁለት ቃል ነው፦ “ትከሻ ልቀቅ።”

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27:18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27:18.29 ገቡ። ከ25 ዙር በኋላ የለያቸው 0.09 ሰከንድ ነው። ያንን እያሰብኩ ማክሰኞ ከመጨረሻው 1,000 ሜትር በኋላ፣ እግሬ ዝሎ እያለ፣ 200 ሜትር አፈተልካለሁ።

በውድድሩ ዋዜማ ከደብተሩ ሦስት ቀኖች መርጬ ቁጥራቸውን እሸመድዳለሁ። 16ኛው ዙር ላይ ድርድሩ ሲመጣ መልሴ “ስድስት ጊዜ፣ 3:30፣ በ60 ዕረፍት” ነው። ደብተሩ ግን 3:35 ካለ በዙር 86 እጀምራለሁ፤ 35:50 ያስገባል። በራስ ማመን ያልሠሩትን ሰዓት መመኘት አይደለምና፣ 84ን የምሞክረው 20ኛውን ዙር ካለፍኩና እግሬ ከፈቀደ ብቻ ነው።