ደብዳቤው ሲቋረጥ

እግዚአብሔር ይመስገን! የዚህ ምስክርነት ባለቤቶች ካለፉ ቆይተዋል፤ የተጻጻፏቸው ከ1,100 በላይ ደብዳቤዎች ግን ዛሬም አሉ። ሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስና ባለቤቱ አቢጌይል ናቸው። በ1764 ተጋቡ (ቀኑም ወሩም ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከ1774 ጀምሮ እሱ ለኮንግረስ (ለቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ) ፊላደልፊያ ሲከርም፣ እሷ ማሳቹሴትስ ላይ እርሻውንም አራቱን ልጆችም ብቻዋን ያዘች። ጆን አገሩን ይወድ ነበር፤ ስሙንም ይወድ ነበር። የሁለቱን ዕዳ የከፈለው ቤቱ ነው።

ሐምሌ 1776፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻነቷን ባወጀችበት ሰሞን፣ አቢጌይል ልጆቿን ይዛ ለፈንጣጣ ክትባት ቦስተን ገባች። የያኔው ክትባት ክንድን ሰንጥቆ ከታማሚ ቁስል የተወሰደ መግል ማስገባት ነበር፤ ከያዘ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ባለ ሕመም ያልፋል። የ6 ዓመቱ ቻርልስ ቢደጋገምለትም አልያዘለትም። ኋላ በሽታው ራሱ በተፈጥሮ መንገድ ያዘው፤ በትኩሳት 48 ሰዓት ቃዠ። አባትየው ፊላደልፊያ ሆኖ ከደብዳቤ መጠበቅ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ልጁ ዳነ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ግን አቢጌይል ምጥ ይዟት፣ በምጡ መሃል ለባሏ እየጻፈች፣ የፈራችው ደረሰ፤ ሴት ልጇ ሞታ ተወለደች። ይህን የዘለለ ምስክርነት ግማሽ ነው። የተለመነው ሁሉ አልተሰጠም።

ትዳሩን ከርቀቱ ይልቅ የጎዳው ዝምታው ነው። ዝምታው ደግሞ ምክንያት ነበረው። በ1775 እንግሊዞች ጆን ለሚስቱ የላከውን ደብዳቤ ማርከው በጋዜጣ አወጡት፤ ከዚያ ወዲያ ቃል እየቆጠበ ጻፈ። በ1778 ለዲፕሎማትነት ፈረንሳይ ሲሄድ ባሰ፤ መርከብ ሊማረክ ሲል ፖስታው ባሕር ይጣል ነበር። አንዱን ደብዳቤ ገልብጦ በተለያየ መርከብ መላክ ይረዳል፣ ግን ለወራት ምንም የማይደርስበት ጊዜ ነበር። አቢጌይል ቀዘቀዝክብኝ ብላ ወቀሰችው። እሱ ግን በዚያ ጉዞ የመርከቡን ምሰሶ መብረቅ መትቶት በሕይወት ተርፏል፤ በ1779 ለጥቂት ወራት ቤቱ ተመልሶ እንደገና ሲሄድም የተሳፈረባት መርከብ ውኃ እያስገባች በጭንቅ ስፔን አደረሰችው።

በመጨረሻ ባሕር የምትፈራው ሚስት ሰኔ 1784 ራሷ ተሳፈረች። የመርከቡ ቆሻሻ አስጠልቷት በኮምጣጤ አስፈተገችው። ነሐሴ 7 ቀን ለንደን ላይ ተገናኙ፤ ከተለያዩ 5 ዓመት ሊሞላ ነበር።

በ1797 ጆን ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ አቢጌይል ከቤቷ ሆና የሰሎሞንን ጸሎት ጻፈችለት፤ መልካሙንና ክፉውን የሚለይ አስተዋይ ልብ ስጠው የሚለውን። የ1800ን ምርጫ ተሸነፈ። ከፈንጣጣ የተረፈው ቻርልስም በዚያው ሰሞን መጠጥ ጎድቶት ሞተ። ጆን መጋቢት 4 ቀን 1801፣ ተተኪው ቃለ መሐላ ሳይፈጽም፣ ገና ሳይነጋ ዋሽንግተንን ለቆ ወጣ። ለፖለቲካው ውርደት ነበር።

ለቤቱ ግን መልስ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ በ1818 እስክታርፍ 17 ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። ደብዳቤዎቹን የሚያገላብጥ ሰው 1801 ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቅበታል።