ሮዟ 54 እና ጥቁሩ 50

ባህር ዳር ላይ ሴት ሳይክል ስትነዳ ዞሮ የሚያያት የለም። ተማሪዋም፣ ነርሷም፣ ከገበያ ጎመን ጭና የምትመለሰዋም ትነዳለች። ከተማው ሜዳ ነው፣ የዘንባባው ጥላ አለ፣ ባጃጅ ከመጠበቅ ሳይክል ይቀላል። ኮርስ ሳይክል፣ ያ ስስ ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ላይ ስትወጪ ግን ነገሩ ይለወጣል። የባጃጅ ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሶ ያይሻል። ልጆች "ውድድር አለ እንዴ?" እያሉ ከኋላሽ ይሮጣሉ። አንድ መንገደኛማ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች መታጠፉን አይቶ "እህቴ፣ ተጋጭተሽ ነው?" ብሎኛል። ከልቡ አዝኖ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ማርቆስ ከባህር ዳር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ብርዱም ዳገቱም አይጣል ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የምትነዳ ሴት አላስታውስም። መንዳት የለመድኩት ለሥራ ባህር ዳር ከመጣሁ በኋላ ነው። ያውም ከባዱን፣ ቀጥ ያለ መሪና የፊት ቅርጫት ያለውን። ለቢሮና ለገበያ ይበቃኝ ነበር። ልቤ የሸፈተው እሑድ ጠዋት በመራዊ መንገድ ልምምድ የሚወጡትን ልጆች ሳይ ነው። ኮርስ ሲያልፍ የሚሰማው ስስ የጎማ ፉጨት ብቻ ነው። እኔ በዚያ ከባድ ሳይክል መሸንቲ ደርሼ ስመለስ ወገቤ ይቆረጣል። እነሱ ከዚያ አልፈው መራዊ ደርሰው እየተሳሳቁ ይመለሳሉ።

ሳፈላልግ ሁለት ተገኙ። ሁለቱም ያገለገሉ፣ ሁለቱም በሰው በሰው ከአዲስ አበባ የመጡ። አንዷ ሮዝ ናት፤ አበባ የተሳለባት፣ "የሴት" የተባለች፣ 54 ቁጥር። ሌላው ጥቁር ነው፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ 50 ቁጥር። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሮዟን መረጠልኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ሮዟን አሉ። ወንድሜ ፎቶ አይቶ ሮዟን አለ። ሻጩማ "ለሴት ተብላ የተሠራች ናት እኮ!" ብሎ ማለልኝ። ቁጥሩን ያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ቁጥሩ የፍሬሙ፣ ማለትም የሳይክሉ ዋና ብረት፣ መጠን ነው። በድሮው ልማድ መቀመጫው የሚገባበትን ቱቦ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይናገራል። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ63 ነው። ለዚህ ቁመት ብዙ ጊዜ 50 ወይም ከእሱ ብዙ ያልራቀ ይመከራል፤ 54 ረዘም ላለ ሰው ነው። ሮዟ ላይ እግሬን አንፈራጥጬ ስቆም የላይኛው ብረት ነካኝ። ይህ እንኳ ዋናው ፈተና አይደለም። ዋናው ከመቀመጫው እስከ መሪው ያለው ርቀት ነው። መቀመጫ ከፍም ዝቅም ይላል፤ የፍሬም ርዝመት ግን አንዴ ከተሠራ ተሠራ። ሮዟ ላይ ተቀምጬ መሪውን ስይዝ ክንዴ ተገተረ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። ክርን ላላ ብሎ መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ አንገት ላይ ነው የሚያርፈው።

ጥቁሩን ወሰድኩ። ዋጋውን አልጽፍም፤ እናቴ ይህን ታነባለች።

የሴት ኮርስ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የታይዋኑ ጃይንት በ2008 እ.ኤ.አ. ሊቭ የሚል ለሴቶች ብቻ የሚሠራ ብራንድ አቋቁሟል፤ ዛሬም አለ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ፋብሪካዎች "ሴት እግሯ ረጅም፣ ከወገብ በላይዋ አጭር ነው" ብለው ፍሬሙን ያሳጥሩት ነበር። በኋላ እንደ ስፔሻላይዝድ ያሉት የብዙ ሺህ ሰው የአካል ልኬት ሰብስበው አዩ። በሁለት ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት በሴትና በወንድ መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ፍሬሙን አንድ አደረጉት፤ የሚለያዩት ሰውነት የሚነካውን ነው። መቀመጫውን፣ መሪውን፣ እነዚህን የመሳሰሉትን። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። የተላጠው ጥቁር ሳይክል የእኔ የመሆን ዕድል አለው ማለት ነው።

ሳይክሌን የሚጠግኑልኝ ጋሼ ዛፍ ሥር ነው የሚሠሩት። እጃቸው ወርቅ ነው፣ አፋቸው ትንሽ ይቆጣል። መጀመሪያ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘውን አንገት ቀየርን። የነበረው 11 ሴንቲ ሜትር፣ የገባው 8። ሦስት ሴንቲ ሜትር ምን ይለውጣል ትዪ ይሆናል። ክርኔ ታጠፈ፣ ትከሻዬ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ መሪው ራሱ። የነበረው 44 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ሰፊ ትከሻ ላለው ሰው ነው። የእኔን ከአንዱ የትከሻ ጫፍ አጥንት እስከ ሌላው ለክተን 38 አገኘን። ቀጥሎ ፍሬኑ። ጣቴ አጭር ስለሆነ የፍሬኑን እጀታ በጣቴ ጫፍ ብቻ ነበር የምደርስበት። እጀታውን ወደ መሪው የሚያቀርብ ትንሽ ብሎን አለ፤ ጋሼ አጠበቁት፣ አለቀ። ወንዶቹ ብሎኑ መኖሩንም የሚያውቁ አይመስለኝም። ምን ሊያደርግላቸው!

አሁን ወደ መቀመጫው። ሴት ለሴት ላውራ፤ ወንዶችም ብታነቡ አይጎዳችሁም።

ከሳይክሉ ጋር የመጣው መቀመጫ ቀጭንና ረጅም ነበር። ሕመሙ አጥንት ላይ ቢሆን ግድ የለም፤ አጥንት ይለምዳል። ፊት ለፊት፣ ስስ ሥጋ ላይ ሲሆን ግን የሚለመድ አይደለም። ይደነዝዛል፣ ይላጣል፣ በማግስቱ ቢሮ ወንበር ላይ መቀመጥ ፈተና ይሆናል። ይህን ለጋሼ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? "መቀመጫው ጠበበኝ" አልኳቸው። "ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚነዳው" አሉኝ። ሰው ሁሉ ያሉት ወንዱን ሁሉ ነው። አፍሬ ዝም አልኩ።

ያዳነችኝ ድሮ ክለብ ውስጥ ትወዳደር የነበረች ጓደኛዬ ናት። ነገሩን ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። "አንች፣ ይህን ይዘሽ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልሽው?" ከሱቅ የካርቶን ቁራጭ አስመጣች። ጠንካራ በርጩማ ላይ አነጠፈችው። ቁጭ አልኩበት፣ ልክ መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት አጎነበስኩ፣ ተነሳሁ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ስርጉድ ምልክት ቀረ። የሚቀመጡት ሁለቱ አጥንቶች እነሱ ናቸው። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል 13 ሴንቲ ሜትር ሆነ። መቀመጫው ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር መስፋት አለበት። የእኔው መቀመጫ ጠቅላላ ስፋቱ 13 ነበር! አጥንቶቼ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለው፣ ክብደቴን ሁሉ ስስ ሥጋዬ ነበር የሚሸከመው። የሴት ዳሌ አጥንት በአማካይ ሰፋ ያለ ነው፤ መሀሉ ክፍት የሆነና አፍንጫው አጠር ያለ መቀመጫ ለሴት የሚሠሩትም ለዚህ ነው። "የሴት" የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፤ አበባው ላይ አይደለም።

ሰፊውን ካስገባን በኋላ ከፍታውን አስተካከልን። ዘዴው ቀላል ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝሽን አስቀምጪበት፤ ጉልበትሽ ቀጥ ማለት አለበት። በእግርሽ ፊተኛ ክፍል ስትረግጪው ያኔ ጉልበትሽ በልኩ ይታጠፋል። ከፍ ካለ ዳሌሽ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል። አፍንጫውን በጣም ወደ ታች አታዘንብዪው። ወደ ፊት ያንሸራትትሽና መዳፍሽን ይጨርሰዋል።

ስለ ልብስም አንድ ነገር ልበል። መቀመጫው ላይ ፓድ፣ ማለትም ስፖንጅ፣ ያለው የሳይክል ቁምጣ ከሥሩ ፓንት አይለበስም። የሚልጠው የፓንቱ ስፌት ነው። እኔ ከላዩ ላይ ላላ ያለ ሱሪ እደርባለሁ። ጊዮርጊስ ደጃፍ ወርጄ ስሳለም ቁምጣዬ አያሳቅቀኝም፣ እማማዎቹም ይመርቁኛል።

መንዳቱስ? ሳይክል የምችል መስሎኝ ነበር። ኮርስ ግን ሌላ ነው። መሪው ለትንሽ ንክኪ ይታዘዛል፤ ዘወር ብለሽ ከኋላ መኪና ስታዪ ሳይክሉም አብሮሽ ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ የተለማመድኩት ነጩን የመንገድ መስመር ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ዓይን ሩቅ ማየት አለበት፤ የፊት ጎማን ካየሽ ትንገዳገጃለሽ። ለዚህ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመቸኝ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው። የሳይክል መስመር ስላለው ከከባድ መኪና ጋር አትጋፊም። ጠዋት በማለዳ ከሄድሽ ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ብቻ ነው የሚገፋሽ።

ማርሽ መቀየሪያው ደግሞ የፍሬኑ እጀታ ውስጥ ነው። ለማቆም ወደ ራስሽ ትስቢዋለሽ፤ ማርሽ ለመቀየር ወደ ውስጥ ወደ ጎን ትገፊዋለሽ። ጋሼ ይህን አይወዱትም። "ድሮ ማርሹ እታች ብረቱ ላይ ነበር፤ ሲበላሽ በዓይን ይታይ ነበር" ይላሉ። ለመቀየር አንድ እጅ ከመሪው መልቀቅ እንደነበረባቸው ግን አይናገሩም። የጃፓኑ የሳይክል ዕቃ ፋብሪካ ሺማኖ ማርሽ መቀየሪያውን ከፍሬኑ ጋር ያዋሃደው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ በዚያ ዘመን ባለመጀመሬ አልከፋኝም።

የማርሽ ትርጉም የገባኝ የቤዛዊት ዳገት ላይ ነው። የእኔ ሳይክል ፔዳሉ ጋ 50 እና 34 ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች አሉት፣ የኋላ ጎማው ላይ ደግሞ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ያላቸው። በ50 እና 11 አንድ ጊዜ ፔዳል ስታዞሪ ወደ 10 ሜትር ትሄጃለሽ። በ34 እና 28 ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቁልቁለቱን የመጀመሪያው፣ ዳገቱን ሁለተኛው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ዳገቱ መሀል ገብተሽ በሙሉ ጉልበት እየረገጥሽ ልቀይር ካልሽ ሰንሰለቱ ይጮሃል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ዳገቱ ገና ከፊትሽ ሳለ ነው መቀየር ያለብሽ። ከላይ ሲወረድ እጅ ታችኛው የመሪ ክፍል ላይ ይሆናል፤ እዚያ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይጨበጣል። የሚያቆመው በዋናነት የፊቱ ፍሬን ነው፤ እሱን ስትይዢ ሰውነትሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ።

ጎማዬ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ከ25ቱ ይሻለኛል። እንደ እኔ ኮብልስቶን ሰፈር ለሚኖር ሰው ስስ ጎማ እስከ ድንጋይ የተነፋ ከሆነ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሰፋ ያለው ትንሽ አየር ቀንሰሽ ትነጂዋለሽ፣ ፍጥነትም ያን ያህል አያጎድልም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኮርስ ጎማ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ዓይነት ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው። የጎሚስታው መንፊያ አይገባበትም። የናስ አዳፕተር የምትባል ጣት የማታክል ነገር አለች። እሷን በኪስሽ ካልያዝሽ መሸንቲ ላይ ጎሚስታ ፊት ቆመሽ ነፋስ የለሽም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ኪጋሊ ላይ ነበር፤ አፍሪካ ስታስተናግድ የመጀመሪያዋ ነው። የሴቶቹን ውድድር በስልክ አየሁ፤ ካናዳዊቷ ማግዳሌን ቫልየር አሸነፈች። እኔ ግን ያፈጠጥኩት እጃቸው ላይ ነበር። ድንጋይ በተነጠፈበት ዳገት ላይ መሪውን አንቀው አልያዙትም፤ ክርናቸው ላላ ብሏል። ከእኛም ሰላም አምሃ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ነድታለች። ኢየሩ ገብሩ ደግሞ ፓሪስ 2024 ላይ በስደተኞች ቡድን ተሰልፋለች። የእሷን ስም ስሰማ ደስታም ሐዘንም ነው የሚሰማኝ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ስልኩ ላይ ጮኸች። "ምን ሁነሻል አንች! ሰው ምን ይላል አልልሽም፤ አስፋልቱ ነው የሚያሰጋኝ።" የራስ ቁር ገዛሁ ብዬ አረጋጋኋት። ከዚያ ወዲህ ከማርቆስ የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር በሶ ትልካለች። ጠዋት አንድ ጭብጦ በልቼ፣ አንድ በኪሴ ይዤ እወጣለሁ። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን አይቸግርም፣ የጾም ነው። ውጭ አገር ሰዎች በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ይበላሉ አሉ። ይብሉ።

አሁን ከጋሼ ጋር የቀረን ክርክር ፔዳሉ ነው። እኔ ጫማው ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚያያዝበትን እፈልጋለሁ፤ ዳገት ላይ እግር አይንሸራተትም። እሳቸው አይሰሙም። "እግርሽን ከብረት ጋር አስረሽ፣ ባጃጅ መሀል? ቆይ እስቲ፣ መብራት ላይ ሳትወድቂ መቆም ልመጂ" ይላሉ። ዋጋውን ስጠይቅም አይነግሩኝም። ለጊዜው እሳቸው ያሸንፉ፤ ከጥምቀት በኋላ ግን በሌላ ሰው በኩል አስመጣለሁ።